መንገዱን የማይነፍግ አገር

ባለፉት ዓመታት እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ በልቤ የቀረው ግን ሽሮፕሽር ነው። ሽሮፕሽር ከበርሚንግሃም በስተ ምዕራብ፣ ከዌልስ ጋር የሚዋሰን የገጠር አውራጃ ነው። ኮረብታ አለው፣ የበግ ግጦሽ አለው፣ የስንዴ ማሳ አለው፤ የብሪታንያ ረጅሙ ወንዝ ሴቨርንም እየተጠማዘዘ ያቋርጠዋል። ባሕር አይነካውም። አገር ጎብኚም እንደ ለንደን አይጎርፍበትም። እኔ ግን ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ በነበርኩበት ጊዜ "እለፊ" ያለኝ የመጀመሪያው አገር እሱ በመሆኑ፣ ስሙ በተነሳ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ጊዜው ከለንደኑ ኦሎምፒክ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ የማውቃት እንግሊዝ በርሚንግሃም ብቻ ነበረች፦ የሌሊት ፈረቃ፣ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ፣ ቅዳሜ የበርበሬና የጤፍ ሸመታ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ከዚህ ኑሮ ወጣ አድርገው ገጠሩን ያሳዩኝ እትዬ ናቸው። እትዬ ከአብዮቱ ዘመን ጀምሮ በርሚንግሃም የኖሩ፣ በነርስነት ብዙ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ የአገሬ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስለ እንግሊዝ ሰው ቀዝቃዛነት ሳማርር ሰምተው "አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ሥራ ሊገባ ሲሮጥ ነው ያየሽው። ረጋ ብሎ ደግሞ አገሩ ላይ እዪው እንጂ። ቅዳሜ የሚጸና ጫማ አድርገሽ ጣቢያ ጠብቂኝ" አሉኝ።

ከበርሚንግሃም ወደ አውራጃው ዋና ከተማ ወደ ሽሩስበሪ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። የፋብሪካው ጣሪያና የሸክላው ግንብ ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄድና ሜዳው ይከፈታል። ከዚያ በስተ ግራ ከሜዳው ብቻውን ብድግ ያለ ተራራ ይታያል። እትዬ በመስኮቱ እያሳዩኝ "ይኼ ሪኪን ነው፤ እሱን ካየሽ ደርሰሻል" አሉኝ። 407 ሜትር ከፍታ ያለው ነው፤ ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ትልቅ ተራራ አይባልም። ዙሪያው ሜዳ በመሆኑ ግን ከሩቅ የሚታይ የአገሩ ምልክት ነው። የአውራጃው ሰዎች ጽዋ ሲያነሱ በሪኪን ዙሪያ ላሉ ወዳጆች ሁሉ ብለው የሚመራረቁት በዚህ ተራራ ስም ነው።

ስለ ሪኪን አፈጣጠር የሚነገረውን ተረት እትዬ እዚያው ባቡር ላይ አወጉኝ። አንድ ከዌልስ የመጣ ግዙፍ ሰው በሽሩስበሪ ከተማ ቂም ይዞ፣ ሴቨርንን ገድቦ ከተማዋን በጎርፍ ሊያሰጥም አንድ አካፋ ሙሉ አፈር ተሸክሞ ይነሳል። መንገዱ ጠፍቶት ሲንከራተት አንድ ጫማ ሰፊ ያገኛል። ጫማ ሰፊው የሚጠገን ያረጀ ጫማ በከረጢት ተሸክሞ ከሽሩስበሪ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። "ሽሩስበሪ ስንት ይርቃል?" ይለዋል ግዙፉ። ጫማ ሰፊው ከረጢቱን ዘርግፎ "ከዚያ ተነስቼ እስከዚህ ስደርስ ይኼን ሁሉ ጫማ ጨርሻለሁ" ይለዋል። ግዙፉም ተስፋ ቆርጦ አፈሩን እዚያው ደፍቶት ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የተደፋው አፈር ሪኪን ሆነ። ከተማዋን ያዳናት ባላባት ወይም ወታደር ሳይሆን በእግሩ የሚሄድ ድሃ ባለ እጅ መሆኑ በጣም ደስ አለኝ።

ሽሩስበሪ ሴቨርን ጠምዝዞ ሊዘጋት ጥቂት በቀረው መሬት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በአንድ ወገን የእንግሊዝ ድልድይ፣ በሌላው ወገን የዌልስ ድልድይ የሚባሉ አሉ፤ ወንዙ ያልከበባትን ጠባብ በር ደግሞ ቀይ የድንጋይ ምሽግ ይጠብቀዋል። ቤቶቹ ብዙዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ ያላቸው፣ ጥቁር እንጨታቸው በነጭ ግድግዳ መካከል የሚታይ፣ ከላይ ወደ መንገዱ ያዘነበሉ ናቸው። ከባቡር ጣቢያው ወደ ላይ ጥቂት እንደሄድን የቻርልስ ዳርዊን ሐውልት ተቀምጦ አገኘነው። ዳርዊን በ1809 (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተወለደው በዚህች ከተማ ነው፤ ከሐውልቱ ጀርባ ያለው አሮጌ ሕንፃም የተማረበት ትምህርት ቤት ነበር። አሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል። እትዬ ደረጃውን እየወጡ "ግቢ፤ ከየት መጣሽ የሚልሽ የለም" አሉኝ። ገባን። የሚጠይቀን አልነበረም። በአንድ ወቅት የባለጸጋ ልጆች ይቀመጡበት በነበረው አዳራሽ ውስጥ እንደማንኛውም ሰው ቁጭ ብዬ መጽሐፍ ገለጥሁ።

ስለዚህ አገር መንገድ የተረዳሁትም እዚያው ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እትዬ የጠየቋትን ካርታ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልን። የመንግሥቱ ካርታ ድርጅት ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያትመው፣ ሽፋኑ ብርቱካናማ የሆነ፣ አንድ ኪሎ ሜትር በአራት ሳንቲ ሜትር የሚሰፈርበት ዝርዝር ካርታ ነው። እያንዳንዱ የማሳ ድንበር፣ ምንጩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ብቻውን የቆመው የገበሬ ቤት ሁሉ ተስሎበታል። በዚህ ሁሉ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ መስመሮች ተረጭተዋል። "እነዚህ ምንድን ናቸው?" አልኋት። "የሕዝብ የእግር መንገዶች ናቸው" አለችኝ። መሬቱ የግለሰብ ነው፤ ከብቱም አዝመራውም የገበሬው ነው። በመሬቱ ላይ የማለፍ መብት ግን የሁሉም ሰው ነው። ገበሬው መንገዱን ሊዘጋ አይችልም፤ ማሳውን አቋርጦ የሚያልፈውን መንገድ ቢያርሰው እንኳ መልሶ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ለማውጣት በሕግ ይገደዳል። በሽሮፕሽር ብቻ እንዲህ ያለው መንገድ ርዝመቱ ሲደመር ከ5000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ይህ መብት በአንድ ቀን የተገኘ እንዳልሆነ ቆይቼ አነበብሁ። መንገዶቹን የፈጠሯቸው ወደ ገበያ፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ሥራ በእግራቸው ይመላለሱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሆኖም በብዙ ቦታ ባለርስቶች ዘግተዋቸው ነበር። በ1932 በደርቢሽር አውራጃ በሚገኘው ኪንደር ስካውት በሚባለው ተራራ ላይ ብዙ መቶ የፋብሪካ ሠራተኞችና ወጣቶች የተከለከለውን መሬት በሰልፍ ረገጡት፤ ከመካከላቸው የታሰሩ ነበሩ። በ1949 የወጣው ሕግ የአውራጃ ምክር ቤቶች የሕዝብ መንገዶችን በካርታ መዝግበው እንዲይዙ አዘዘ። በ2000 የወጣው ደግሞ ተራራውንና የጋራ ግጦሹን ለእግረኛ ከፈተ። እኔ በሰላም የረገጥሁት መስክ ሌሎች እስር ቤት የገቡለት መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ፣ የእግር መንገድ ምልክት የሆነችውን ትንሿን ቢጫ ቀስት በአክብሮት ነው የማያት።

ከሽሩስበሪ ወደ ደቡብ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ከተጓዙ ቸርች ስትሬተን ይደረሳል። ከእትዬ ጋር በአንድ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩ አንዲት እንግሊዛዊት እዚያ ቤት ገዝተው ይኖራሉ። ሻይና የፖም ኬክ አቀረቡልን፤ ከዚያ ከግድግዳ ላይ ሁለት ምርኩዝ አንስተው ይዘውን ወጡ። መጀመሪያው በር ላይ ስንደርስ የገጠሩን ሕግ ነገሩኝ፦ "ልጄ፣ በሩን ተዘግቶ ካገኘሽው ዝጊው፤ ተከፍቶ ካገኘሽው ክፍቱን ተዪው። ከብቱን አታስደንግጪ። የሚያልፍ ሰው ስታገኚ ሰላም በዪ።" ሕጉ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ የሚጠየቅ የለም። በአጥሩ ላይ ሰው ወጥቶ የሚሻገርባቸው ትንንሽ የእንጨት ደረጃዎች አሉ። በግ የማያሳልፉ፣ ሰውን ግን አንድ በአንድ የሚያሳልፉ ጠባብ በሮችም አሉ። በእነዚህ ውስጥ እያለፍን ካርዲንግ ሚል ወደሚባለው ሸለቆ ገባን። ስሙን ያገኘው በድሮ ዘመን በጅረቱ ኃይል የበግ ጠጉር ይባዘትበት ከነበረው ፋብሪካ ነው።

ከሸለቆው ሎንግ ሚንድ ወደሚባለው ሰፊ ደጋ ወጣን። ከፍተኛው ቦታ 516 ሜትር ነው። ላይ ሲወጡ ዛፍ የለም፤ ቁጥቋጦና ሣር ብቻ ነው። በነሐሴ ቁጥቋጦው ሐምራዊ አበባ ያወጣና ተራራው በሙሉ ይለብሰዋል። በቁጥቋጦው መካከል ጥቁር ሰማያዊ ትንንሽ ፍሬ ይለቀማል፤ የአገሩ ሰዎች ዊንቤሪ ይሉታል፣ ከንፈርንና ጣትን ሐምራዊ ያደርጋል። ደጋው የጋራ ግጦሽ ነው፤ መብት ያላቸው ገበሬዎች በጎቻቸውን ያሰማሩበታል፣ ፈረሶችም ይግጡበታል። ጫፉ ላይ ቆመን በስተ ምዕራብ ስንመለከት የዌልስ ተራሮች አንዱ ከሌላው ጀርባ እየደበዘዙ ይታያሉ። በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ፊቴን ሲገርፈኝ የልጅነቴ ብርድ መሆኑን አወቅሁት። እትዬ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠቅልለው "እንዴት ነሽ?" አሉኝ፤ "ደህና ነኝ እትዬ፣ እዚህ ቤቴ ነው" አልኋቸው። ከልቤ ነበር።

በዚያ መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ሁሉ ሰላም ብሎናል። ውሻውን ይዞ የሚወርደው አዛውንት፣ ልጆቻቸውን የሚመሩ ባልና ሚስት፣ በጎቹን ሊያይ የመጣ ገበሬ፣ ሁሉም ቆም ብለው ስለ ሰማዩ አንድ ነገር ተናግረው ያልፋሉ። ከተማ ውስጥ ዐይኑን የሚሸሽ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሰላምታ ግዴታው ይሆናል። እትዬ ማየት አለብሽ ያሉኝ ይኼን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ብቻዬንም ከጓደኞቼም ጋር ወደ ሽሮፕሽር መመላለስ ጀመርሁ። መኪና አልነበረኝም፤ ስለዚህ አውራጃውን ያወቅሁት በእግር፣ በአውቶቡስና በባቡር ነው። የገጠር አውቶቡስ የራሱ ሥርዓት አለው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ የሚሳፈሩት አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው፤ ከ2008 ጀምሮ በእንግሊዝ አረጋውያን ከዚያ ሰዓት በኋላ በአካባቢ አውቶቡስ ሁሉ በነፃ ይሄዳሉና። ሾፌሩ ብዙዎቹን በስም ያውቃቸዋል። አንዷ ሳይመጡ ቢቀሩ "ዛሬ የት ቀሩ?" ተብሎ ይጠየቃል። የገበያ ዘንቢል የያዙ እናቶች ስለ ልጅ ልጆቻቸው ያወራሉ፤ ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ ስነግራቸው ስለ ሩጫና ስለ ቡና ያነሱልኛል። ሁሉም ሰው ሲወርድ ሾፌሩን አመስግኖ ነው የሚወርደው፤ ተማሪው ሳይቀር። ይህን ከእነሱ ተምሬ፣ ዛሬም በርሚንግሃም ውስጥ ሾፌር ሳላመሰግን አልወርድም።

ከአውቶቡስ ወርጄ ካየኋቸው ሁሉ በጣም ያስደነቀኝ በሴቨርን ሸለቆ ያለው የብረት ድልድይ ነው። ቦታው በድልድዩ ስም አይረንብሪጅ ይባላል። በዓለም ላይ ትልቅ ሆኖ ከብረት የተሠራ የመጀመሪያው ድልድይ ነው። በ1709 አብርሃም ዳርቢ በዚያው ሸለቆ፣ ኮልብሩክዴል በሚባል ቦታ፣ በእንጨት ከሰል ፈንታ በኮክ ብረት ማቅለጥ ቻለ፤ ብረት እየረከሰና እየበዛ የሄደው ከዚያ ወዲህ ነው። ሦስተኛው አብርሃም ዳርቢ በ1779 ድልድዩን አቆመው፤ በ1781 በአዲስ ዓመት ዕለት ለመንገደኛ ተከፈተ። የወንዙን ሁለት ዳር በአንድ ቅስት ያገናኘው ርዝመት 30 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ድልድይ የሠራ ሰው ስላልነበረ፣ ሠራተኞቹ ብረቱን ያያያዙት አናጢ እንጨት በሚያያይዝበት መንገድ ነው፤ አንዱን በሌላው ቀዳዳ እያስገቡና እየሸነቆሩ። ቀርቦ ለሚያይ ሰው ያ ሁሉ መጋጠሚያ ዛሬም ይታያል።

እኔ መጀመሪያ ሳየው ግራጫ ቀለም ነበረው። በ2018 የተጠናቀቀው ጥገና ጥንታዊ ቀለሙን አጥንቶ ወደ ቀይ ቡናማ መልሶታል። በ1934 ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ብቻ ተትቷልና በእግሬ እየተራመድሁ ተሻገርሁት። ማዶ ያለው የቀረጥ ቤት ግድግዳ ላይ የድሮው ክፍያ ተጽፎ ተሰቅሏል፦ ለሠረገላ ይህን ያህል፣ ለፈረስ ይህን ያህል፣ ለእግረኛ ይህን ያህል። ከታች ያለው ማሳሰቢያ ደግሞ ወታደርም ሆነ የንጉሥ ቤተሰብ ክፍያውን ሳይከፍል እንዳያልፍ ይላል። ያንን ሳነብ ብዙ ቆምሁ። በዚያ ዘመን በንጉሥና በበግ ነጂ መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነበር፤ ድልድዩ ላይ ግን ሁለቱም ከፍለው ማለፍ ነበረባቸው። ሸለቆው በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ለብረቱና ለምድጃው ብቻ ሳይሆን ለዚያ ጽሑፍም ይገባው ነበር እላለሁ።

በባቡር ከቸርች ስትሬተን ወደ ደቡብ ሲወረድ ክሬቨን አርምስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከእርሷ ትንሽ በእግር ከተሄደ የስቶክሴይ ምሽግ ይገኛል። ያሠራው መስፍን ወይም ጦረኛ አልነበረም፤ የላድሎ ከተማ ሱፍ ነጋዴ ሎረንስ ነው። ሱፍ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሀብት ዋና ምንጭ ነበር። ሎረንስ በግ ከሚረባበት ኮረብታ ጠጉሩን እየገዛ ወደ አውሮፓ ሲልክ ባለጸጋ ሆነ፤ በ1291 ቤቱን በምሽግ ለማጠር የንጉሡን ፈቃድ አገኘ። በ1294 ግን ሱፍ የጫነው መርከብ ሰጥሞ እሱም አብሮ ሞተ። አዳራሹ ጣሪያው እንደተሠራ አለ፤ ከፊት ለፊቱ የሚታየው ቢጫ የበር ቤት በ17ኛው መቶ ዓመት የተጨመረ ነው። ያደግሁት በሱፍ ብርድ ልብሷ በምትታወቀው ደብረ ብርሃን በመሆኑ፣ የበግ ጠጉር ምን ያህል ቤት እንደሚያሠራና ምን ያህል ሰው እንደሚያኖር አውቃለሁ። አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ስለ ነጋዴው ሳስብ፣ ስለ እረኞቹም አሰብሁ፤ ስማቸውን የጻፈላቸው የለም፣ መንገዳቸው ግን እስከ ዛሬ በካርታው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

ክሬቨን አርምስ ላይ ሐዲዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ላድሎና ወደ ሄርፎርድ ይወርዳል፤ ሌላው ነጠላ ሐዲድ ሆኖ በዌልስ መሀል እስከ ስዋንሲ ይሄዳል። በነጠላው ሐዲድ ላይ በቀን የሚያልፉት ጥቂት ባቡሮች ብቻ ናቸው። ብሩም፣ ሆፕተን ሂዝና ባክኔል በሚባሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ደግሞ ባቡሩ የሚቆመው የሚሳፈር ወይም የሚወርድ ሰው ካለ ነው። መውረድ የፈለገ ለትኬት ተቆጣጣሪው ቀድሞ ይነግራል፤ መሳፈር የፈለገ ጣቢያው ላይ ቆሞ ለሾፌሩ እጁን ያነሳል። እኔ ባቡርን እጅ አንስቶ ማስቆም የሚቻል አይመስለኝም ነበር። ያን ትልቅ ነገር ከሩቅ ሲመጣ አይቼ እጄን ሳነሳ ፍጥነቱን ቀንሶ ፊቴ ቆመልኝ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ!" ብዬ እንደማስቆመው ነው ያስቆምሁት። ለአንድ ተሳፋሪ ብሎ የሚቆም ባቡር ያለው አገር ሰውን ያከብራል።

ያ ሐዲድ ናይተን ከምትባል ከተማ ያደርሳል። ከተማዋ ዌልስ ውስጥ ናት፤ የባቡር ጣቢያዋ ግን ድንበሩን አልፎ ሽሮፕሽር ውስጥ ነው። እዚያ ከወረዱ የኦፋን ቦይ ማግኘት ቀላል ነው። ኦፋ ከ757 እስከ 796 በመካከለኛው እንግሊዝ የነገሠ የመርሲያ ንጉሥ ነው። አገሩን ከዌልስ ሰዎች ለመለየት ረጅም ቦይ አስቆፍሮ አፈሩን በአንድ ወገን አስቆለለው። ከ1200 ዓመት በላይ አልፎም በሽሮፕሽር ኮረብታዎች ላይ፣ በተለይ ክላን በምትባለው ጸጥተኛ መንደር አካባቢ፣ ቁልሉ በደንብ ይታያል። በ1971 የዚህን ድንበር አቅጣጫ ተከትሎ የሚሄድ 285 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ተከፈተ፤ ሰው ከባሕር እስከ ባሕር በእግሩ ይሄድበታል። ሰውን ከሰው ለመለየት የተቆፈረ ቦይ የሁለቱ አገር ሰዎች አብረው የሚሄዱበት መንገድ ሆነ። አንድ እግሬን እንግሊዝ፣ አንዱን ዌልስ አድርጌ ቁልሉ ላይ ስሄድ፣ ድንበር እንዲህም ሊያረጅ ይችላል ብዬ በተስፋ ተሞላሁ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሽሮፕሽርን የምንወድበት ሌላ ምክንያትም አለን። ማች ዌንሎክ የምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ አለች። ዊልያም ፔኒ ብሩክስ የተባለ ሐኪም እዚያ ተወልዶ፣ እዚያ ሕዝብ አክሞ፣ እዚያ ተቀበረ። ብሩክስ ለሠራተኛው የንባብ ማኅበር ያቋቋመ፣ ሰው በአካልም በአእምሮም እንዲበረታ ዕድሜውን በሙሉ የደከመ ሰው ነው። በ1850 የዌንሎክ ኦሎምፒያን ጨዋታዎችን ጀመረ። ሩጫ፣ ዝላይ፣ እግር ኳስና ክሪኬት ነበረው፤ አሮጊቶች የሚወዳደሩበትና ሽልማቱ ሻይ ቅጠል የሆነበት ሩጫም ነበረው። የብሩክስ ትልቁ እምነት ውድድሩ ለማንኛውም ሰው ክፍት መሆን አለበት የሚል ነበር፤ በዚያ ዘመን ሌሎች ስፖርትን የጌቶች ልጆች መጫወቻ ብቻ ሊያደርጉት ሲታገሉ እሱ የሠራተኛውን ልጅ አስገባ። በ1890፣ በኋላ የዘመናዊው ኦሎምፒክ መሥራች የሆነው ፒየር ደ ኩበርታን ከፈረንሳይ መጥቶ ጨዋታውን አየ፣ ለክብሩም የኦክ ዛፍ ተተከለለት። ብሩክስ በታኅሣሥ 1895 ዐረፈ፤ ኩበርታን ያስጀመረው የአቴንስ ኦሎምፒክ ከዚያ በኋላ አራት ወር ቆይቶ ተከፈተ። የዌንሎክ ጨዋታም አልጠፋም፤ ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል።

ማች ዌንሎክ የደረስሁት በገጠሩ አውቶቡስ ነው። በመንገዱ ላይ የተተከሉትን የነሐስ ምልክቶች እየተከተልሁ ከተማዋን ዞርኋት፤ የብሩክስን መቃብር በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ አገኘሁት። እዚያ ቆሜ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠውን አበበ ቢቂላን አሰብሁ። የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ፣ በጌቶች ብቻ ጨዋታ ውስጥ ቦታ አይኖረውም ነበር። ይህ ሐኪም የኩበርታንን ዐይን ከከፈቱት አንዱ ነው፤ የከፈተው በር ደግሞ እስከ እኛ ደረሰ። በ2012 ለንደን ውድድሩን ስታዘጋጅ የኦሎምፒኩን መለያ አሻንጉሊት ዌንሎክ ብላ ሰየመችው። በዚያ ክረምት ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000፣ መሠረት ደፋር በ5,000፣ ቲኪ ገላና በማራቶን ወርቅ ሲያገኙ፣ እትዬ ቤት ተሰብስበን እልል ብለናል። እልልታው መካከል እትዬ ጎንተል አድርገውኝ "ዌንሎክን አትርሺ" አሉኝ። አልረሳሁትም።

እነዚያ ዓመታት አልፈዋል። እትዬ ዛሬ ሎንግ ሚንድን መውጣት አይችሉም፤ ቸርች ስትሬተን ያሉት ወዳጃቸው ዘንድ ግን አሁንም በባቡር ሄደው ሻይ ይጠጣሉ። እኔ የሚያሳዝነኝ የገጠር አውቶቡስ እየሳሳ መሄዱ ነው። በብዙ መንደር እሑድ አውቶቡስ የለም፤ ማታም ቶሎ ያልቃል። መኪና የሌላት አሮጊት ሐኪም ዘንድ የምትደርሰው፣ ወጣቱ ሥራ የሚገባው፣ እንግዳውም አገሩን የሚያውቀው በዚያ አውቶቡስ ነው። በጀት የሚቆርጡ ሰዎች አንድ ቀን ጠዋት ተሳፍረው፣ ሾፌሩ የቀሩትን ሲጠይቅ ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

አዲስ የመጡ ልጆችን ዛሬ ወደ ሽሮፕሽር የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ብዙዎቹ ወረቀት በመጠበቅ የደከሙ ናቸው፤ በየመሥሪያ ቤቱ "አይቻልም" ሲባሉ የከረሙ ናቸው። ቢጫዋን ቀስት አሳያቸውና "በዚህ ማለፍ መብታችሁ ነው፤ ፈቃድ የምትጠይቁት ሰው የለም" እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ አያምኑኝም፤ ገበሬው ከሩቅ እጁን አንስቶ ሰላም ሲላቸው ግን ያምናሉ። በሩን እንዴት እንደሚዘጉ፣ ከብቱን እንዴት እንደሚያልፉ፣ ሾፌሩን እንዴት እንደሚያመሰግኑ እነግራቸዋለሁ። አገሩ መንገዱን ካልነፈገን፣ መንገዱን በክብር መሄድና ክፍት ሆኖ እንዲቆይ መከራከር የእኛም ድርሻ ነው። የእግር መንገድ ሰው ካልሄደበት በእሾህ ይዘጋል፤ ስለዚህ በርሚንግሃምና ለንደን ላላችሁ ሁሉ ምክሬ አንድ ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ተሳፍራችሁ ሂዱ፣ ሂዱበትም።